የሞተር ኀይልና የሞተር ሙቀት
በግል እጅ በሚሠሩ አይሮፕላኖች ላይ ስለሚገጠመው የቫንክል ሞተር

ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጕልበት አለው?» ብሎ ነው። ሻጩም በወረቀት የተጻፈውን ቍጥር ይነግረዋል። ነገር ግን በወረቀት የተጻፈው ቍጥርና ሞተሩ ሳይጎዳ ዘወትር ሊሰጥ የሚችለው ኀይል አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጠቅላላ ሽያጭና በተጣራ ትርፍ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ከጠቅላላው ሽያጭ ኪራይ፣ ቀረጥና የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚቀነስ፣ ሞተርም ኀይል በሰጠ ቍጥር የሚከፍለው ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ሙቀት ነው። ይህን ዕዳ በየደቂቃው ለአየር የማያስረክብ ሞተር፣ ዕዳው እንደ ተጠራቀመበት ነጋዴ ሳይታሰብ ይወድቃል።

ይህ ነገር በማናቸውም ሞተር ላይ እውነት ነው። ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በአሜሪካ አገር ሰዎች በየቤታቸው በሚሠሯቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች ላይ ቫንክል የተባለውን ተሽከርካሪ ሞተር ሲገጥሙ ነው። መኪና ቢግል ነጂው ከመንገድ ዳር ቆሞ እስኪበርድ ይጠብቃል። ከመሬት ተነሥቶ መቶ ሜትር ከፍ ያለ አይሮፕላን ግን የሚቆምበት ዳር የለውም። ስለዚህ እነዚህ ሠሪዎች የሙቀትን ሒሳብ ከማንም ይልቅ ተጠንቅቀው መማር ግድ ሆኖባቸዋል። የእነርሱም ትምህርት ሞተርና መለዋወጫ ለሚያስመጣ፣ ለሚሸጥና ለሚገዛ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በግል የሚሠራ አይሮፕላን

በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ሲል የአይሮፕላኑን ሥራ አብዛኛውን ክፍል ራሱ ከሠራ፣ አይሮፕላኑ «የሙከራ» ተብሎ ይመዘገብለታል። ለእንደዚህ ያለው አይሮፕላን የሚገጠመው ሞተር ለአይሮፕላን ተብሎ የተመሰከረለት እንዲሆን አይገደድም፤ የመኪና ሞተር ቢሆንም ይፈቀዳል። በምትኩ ግን ሠሪው ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ከተወሰነ ክልል ሳይወጣ፣ አይሮፕላኑን እንዲፈትን ይታዘዛል። የተመሰከረለት ሞተርና ፕሮፔለር ላልያዘ አይሮፕላን በልማድ የሚሰጠው የፈተና ጊዜ 40 የበረራ ሰዓት ነው። የእነዚህ ሠሪዎች ትልቁ ማኅበር በ1953 በሚልዋኪ ከተማ ተመሠረተ፤ ከ1970 ጀምሮም ዓመታዊ ጉባኤው ኦሽኮሽ በተባለው ከተማ ይደረጋል።

ሠሪዎቹ ወደ መኪና ሞተር የሚመለከቱበት ዋናው ምክንያት የዋጋ ነገር ነው። ለአይሮፕላን የተመሰከረለት አዲስ ሞተር ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ያወጣል። ከመኪና ላይ የወጣ ሞተር ግን በጥቂቱ ይገኛል። ሆኖም ርካሹን ሞተር የገዛ ሰው የማቀዝቀዣውን፣ የማርሹንና የፈተናውን ወጪ ራሱ እንደሚሸከም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

የቫንክል ሞተር አሠራር

ይህን ሞተር ያሰበው ፊሊክስ ቫንክል የተባለ ጀርመናዊ ነው። የመጀመሪያው ሞተር በ1957 በኔካርሱልም ከተማ በኤንኤስዩ ፋብሪካ ተነሣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ይዞሩ ከነበሩት የአይሮፕላን ሞተሮች ጋር በስም ቢመሳሰልም በአሠራር ፈጽሞ የተለየ ነው።

በተለመደው ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በቫንክል ሞተር ግን ፒስተንም ቫልቭም የለም። ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሦስቱ ጫፎች ዘወትር ከቤቱ ግድግዳ ጋር ስለሚነካኩ፣ በሦስቱ ጎኖች በኩል ሦስት ክፍሎች ይፈጠራሉ። ተሽከርካሪው ሲዞር እያንዳንዱ ክፍል እየሰፋና እየጠበበ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱንም ያስወጣል። ተሽከርካሪው አንድ ጊዜ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በየጫፉ ላይ ቀጭን የብረት ማሸጊያ አለ፤ የሞተሩ ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ የሚመካው በዚህ ቀጭን ብረት ላይ ነው።

በአሜሪካ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አርኤክስ-7 በተባለው መኪናው ላይ የገጠመው 13ቢ የተሰኘው ሞተር ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች አሉት፤ የያንዳንዱ ክፍል መጠን 654 ሲሲ ነው። በአይሮፕላን ላይ ተገጥሞ፣ አየሩ በቱርቦ ሳይታመቅ፣ ከ160 እስከ 180 የፈረስ ጕልበት ያህል ይሰጣል። ትንሽ ነው፤ ንዝረቱም ጥቂት ነው፤ የሚሰበሩ ክፍሎቹም ጥቂቶች ናቸው። ሠሪዎቹ የሚወዱት ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ጠባዮቹ ሙቀትን የሚመለከቱ ናቸው። አንደኛው፣ ማቃጠያው ክፍል ረጅምና ቀጭን ስለ ሆነ ነበልባሉ ብዙ ግድግዳ ይነካል፤ ገና እየነደደ ወደ ውጭ የሚወጣም ጋዝ አለ። ስለዚህ ጭሱ እጅግ የጋለ ነው፤ ተራውን የጭስ ማውጫ ፈጥኖ ያቃጥላል። ሁለተኛው፣ እሳቱ ዘወትር የሚነደው በቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚገባውም ዘወትር በሌላው ወገን ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን ሲግል ሌላው ይበርዳል። የቤቱ መካከል ከአሉሚኒየም፣ የጎን ሳህኖቹ ደግሞ ከብረት የተሠሩ ስለ ሆኑ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም። ሞተሩ ከመጠን በላይ የጋለ እንደ ሆነ በመካከላቸው ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይቃጠላሉ፤ ውሃውም ወደ ማቃጠያው ይገባል።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል

ነጋዴ መዝገቡን በገቢና በወጪ እንደሚከፍል፣ የሞተርም ሙቀት እንዲሁ በመዝገብ ሊጻፍ ይችላል። ለምሳሌ ያህል 160 የፈረስ ጕልበት የሚሰጥ ሞተር እንውሰድ። ይህ ኀይል 119 ኪሎዋት ያህል ነው። ሞተሩ በሰዓት 36 ኪሎግራም፣ ማለት 50 ሊትር ያህል ቤንዚን ቢያቃጥል፣ ቤንዚኑ ይዞት የገባው ጠቅላላ ኀይል 430 ኪሎዋት ይሆናል። እንግዲህ ፕሮፔለሩ የሚቀበለው ከመቶ 28 እጅ ብቻ ነው። የቀረው 311 ኪሎዋት ወጪ ነው።

ከዚህ ወጪ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ለአብነት በውሃውና በዘይቱ በኩል የሚወጣው 90 ኪሎዋት ነው እንበል። ከዚህም ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለት 60 ኪሎዋቱን ውሃው፣ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለት 30 ኪሎዋቱን ዘይቱ ይሸከማል። በተለመደው የመኪና ሞተር ዘይት ዋና ሥራው ማለስለስ ነው። በቫንክል ሞተር ግን በተሽከርካሪው ሆድ ውስጥ ውሃ ስለማይዘዋወር ተሽከርካሪውን የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ትልቅ የውሃ ራዲያተር ገጥሞ ለዘይቱ ትንሽ ማቀዝቀዣ የሰጠ ሠሪ ግማሹን ዕዳ ከፍሎ ግማሹን የረሳ ነው። ውሃው ደኅና ሆኖ ሳለ ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል፤ የዘንጉን ማረፊያዎችም ይበላል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሲመለስ ከ100 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይጠነቀቃሉ።

አየሩን ማስገባትና ማስወጣት

ሙቀቱን በመጨረሻ የሚቀበለው አየር ነው። አየሩ በራዲያተሮቹ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር፣ 90 ኪሎዋት ለማስወገድ በየሴኮንዱ 2.24 ኪሎግራም አየር ማለፍ አለበት። ይህ በመጠን ሁለት ሜትር ኩብ ያህል ነው። አይሮፕላኑ ተነሥቶ በሰዓት 160 ኪሎሜትር እየተጓዘ ሲያሻቅብ፣ ይህን ያህል አየር ለማስገባት 460 ሴንቲሜትር ካሬ ያህል የሰፋ አፍ ያስፈልጋል።

አይሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ በሰዓት 290 ኪሎሜትር በቀጥታ ሲበር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞተሩ የሚሠራው በ70 እጅ ኀይል ነው እንበል። ሙቀቱም በዚያው መጠን ሲቀንስ፣ አየሩም በፍጥነት ሲመጣ፣ የሚበቃው አፍ 177 ሴንቲሜትር ካሬ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ሲያሻቅብ የሚያስፈልገው አፍ በቀጥታ ሲበር ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። አፉን ለማሻቀብ ብቻ አስቦ ያሰፋ ሰው በቀረው ጕዞ ሁሉ ትርፍ አየር እየጎተተ ቤንዚን ያባክናል። ለቀጥታ በረራ ብቻ አስቦ ያጠበበ ሰው ደግሞ፣ አይሮፕላኑ ወደ መሬት ቀርቦ አደጋው በሚበዛበት ሰዓት ሞተሩን ያግላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ የአየሩን መውጫ እንደ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ ማድረግ ነው። ሲያሻቅብ መውጫው ይከፈታል፤ በቀጥታ ሲበር ይጠባል። አየሩም ከገባ በኋላ ወዲያው ከራዲያተሩ ጋር መጋጨት የለበትም። መተላለፊያው ቀስ በቀስ እየሰፋ ቢሄድ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ግን ይጨምራል፤ ግፊቱም አየሩን በራዲያተሩ ቀዳዳዎች እኩል ያሳልፈዋል። በራዲያተሩና በመተላለፊያው መካከል ክፍተት የተገኘ እንደ ሆነ አየሩ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በዚያ ያመልጣል። ስለዚህ ክፍተቱን ሁሉ መድፈን ራዲያተር ከመለወጥ ይልቅ ርካሽና ፍሬ ያለው ሥራ ነው።

ሜሬዲት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ ዓመቶች እንዳስረዳው፣ በራዲያተር ውስጥ የሞቀ አየር ጠበብ ባለ መውጫ ወደ ኋላ በፍጥነት ቢለቀቅ፣ ራዲያተሩ የሚያመጣውን መጎተት በከፊል ይክሳል። በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሙስታንግ የተባለው የጦር አይሮፕላን ከሆዱ በታች የነበረው ራዲያተር በዚህ አሳብ ተጠቅሟል። ብልህ ሠሪ የሙቀትን ዕዳ ሲከፍል ጥቂት ተመላሽ ያገኛል ማለት ነው።

ጥፋቱ ከመግቢያው ወይስ ከመውጫው መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ የተሞላ የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ እንደ ተገለበጠ ቅስት ሆኖ ከሚሊሜትር ማስመሪያ ጋር ይታሰራል፤ ይህም ግፊትን በውሃ ቁመት ይለካል። በሰዓት 160 ኪሎሜትር የሚመጣ አየር ሊሰጥ የሚችለው ግፊት 110 ሚሊሜትር የውሃ ቁመት ያህል ነው። ከራዲያተሩ በፊት 90፣ ከኋላው 30 ቢገኝ፣ አየሩን በራዲያተሩ የሚያሳልፈው ግፊት 60 ነው፤ ነገሩም መልካም ነው። ከፊቱ 45 ብቻ ቢገኝ ጥፋቱ በአፉ ወይም በመተላለፊያው ነው። ከፊቱ 90 ሆኖ ከኋላውም 70 ቢገኝ መውጫው ታንቋል፤ በዚህ ጊዜ አፉን ማስፋት ምንም አይፈይድም። ይህን ሳይለኩ ራዲያተር በራዲያተር ላይ የሚጨምሩ ሠሪዎች ክብደትና ወጪ እንጂ ቅዝቃዜ አያተርፉም።

ኀይሉን ማስተካከል

ማቀዝቀዣው ሥራውን መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ኀይል ይታሰባል። የቫንክል ሞተር ኀይሉን የሚሰጠው በፈጣን ዙር ነው፤ በደቂቃ 6,000 እና ከዚያ በላይ ሊዞር ይገባዋል። ፕሮፔለር ግን ይህን ያህል ሊዞር አይችልም። ጫፍ ለጫፍ 1.88 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞር ጫፉ በሴኮንድ 590 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት እጅግ የበለጠ ነው። ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት በቀረበ መጠን ኀይሉ ወደ ጩኸት ይለወጣል። ስለዚህ በሞተሩና በፕሮፔለሩ መካከል ዙር የሚቀንስ ማርሽ ይገጠማል። ማርሹ አንድ ለ2.85 ቢሆን፣ ሞተሩ 6,840 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ 2,400 ጊዜ ይዞራል።

ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኀይል በዙሩ መጠን በቀጥታ አይጨምርም። ዙሩ እጥፍ ሲሆን የሚጠየቀው ኀይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዙሩ ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ኀይሉ ከመቶ 27 እጅ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ከእርሱ ጋር ይወርዳል። እንግዲህ ሲያሻቅብ ቴርሞሜትሩ ወደ ቀዩ መስመር የተጠጋበት አብራሪ ዙሩን በጥቂቱ ቢቀንስና አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ቢጨምር፣ በአንድ ጊዜ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ አየሩንም ያበዛል። ነገር ግን ይህን ማድረግ የሚችለው ሲነሣ የሚያስፈልገውን ኀይል ሁሉ እስከ መጨረሻ ጥግ ያልተጠቀመ እንደ ሆነ ነው። ትርፍ ኀይል የሚጠቅመው ለመመካት ሳይሆን ለመቈጠብ ነው።

የቤንዚንና የአየር ድብልቅም በሙቀት ላይ ትልቅ ሥልጣን አለው። ሞተሩ በሙሉ ኀይል ሲሠራ ቤንዚኑ በዛ ያለበት ድብልቅ ማቃጠያውን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሲነሡ ቤንዚን መቈጠብ የተሳሳተ ቍጠባ ነው። በቀጥታ በረራ ኀይሉ ከተቀነሰ በኋላ ግን ቤንዚኑን ማሳነስ ይቻላል፤ የቫንክል ሞተርም ይህን በደኅና ይታገሣል። የካንዴላው እሳት ዘግይቶ ከሆነ ጋዙ እየነደደ ይወጣና ጭሱ ይግላል። ከመጠን በላይ ቀድሞ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ቱርቦ ባለው ሞተር፣ ድብልቁ በሥርዐት መንደዱን ትቶ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። እንዲህ ያለው ፍንዳታ በጫፍ ላይ ያለውን ቀጭን ማሸጊያ ይሰብረዋል። ማሸጊያው ሲሰበር የዚያ ተሽከርካሪ ኀይል ይጠፋል፤ ሞተሩም ተፈትቶ መሠራት አለበት።

በዚህ ሥራ ሁሉ የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ በረራ ከአንድ ነገር በላይ አለመለወጥ ነው። መውጫውን ያሰፋ፣ ቤንዚኑን ያበዛ፣ የካንዴላውንም ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ሞተሩ ቢበርድ ከሦስቱ የትኛው እንዳበረደው አያውቅም። ደኅና ሠሪ የውጭውን ሙቀት፣ የውሃውን፣ የዘይቱን፣ ፍጥነቱንና ዙሩን በየደቂቃው ይጽፋል፤ ነጋዴ የዕለት ሽያጩን ሳይጽፍ እንደማያድር ማለት ነው።

የደጋና የቈላ ሒሳብ

ከእነዚህ ጽሑፎች የሚገኝ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ራዲያተሩ፣ ፍጥነቱና ኀይሉ ሳይለወጡ የቀሩ እንደ ሆነ፣ በውሃው ሙቀትና በውጭው አየር ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ አይለወጥም። በ15 ዲግሪ ቀን ሲያሻቅብ ውሃው 85 ዲግሪ የደረሰ አይሮፕላን ልዩነቱ 70 ነው። ያው አይሮፕላን በ35 ዲግሪ ቀን ቢነሣ ውሃው ወደ 105 ዲግሪ ይጠጋል። በብርድ ቀን ፈተናውን ያለፈ ሞተር በሙቀት ቀን ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ቀን ተፈትኖ ውሃው 88 ዲግሪ ላይ የቆመ የመብራት ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ልዩነቱ 68 ነው። ያው ሞተር ወደ አፋር ቈላ ተወስዶ በ42 ዲግሪ ሙቀት ያንኑ ሥራ ቢሠራ 110 ዲግሪ ይሆናል። ገዢው «የተበላሸ ዕቃ ሸጠህልኝ» ብሎ ይከሳል፤ ሻጩም «ስትወስደው ደኅና ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የጎደለው ሒሳቡ ነው።

ከፍታም የራሱ ሕግ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የቀጠነ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ኀይሉም በዚያው መጠን ያንሳል፤ በወረቀት 100 የፈረስ ጕልበት የተባለው እዚህ 80 ያህል ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ኀይሉን ይጠብቃል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር ግን እንደ ቀጠነ ይቀራል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ ላይ ማቀዝቀዣው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ውሃም በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ግፊት የሚጠብቅ ደኅና የራዲያተር ክዳን እንደ ትንሽ ዕቃ ሊናቅ አይገባውም። ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ የሚፈትን መካኒክም 100 ሳይሆን 92 ቢያነብ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ አይጣለው።

የኤንኤስዩ ታሪክና ትምህርቱ

ኀይልን አስቀድሞ ሽጦ ጽናትን በኋላ መፈለግ ምን እንደሚያስከፍል የቫንክል ሞተር ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ኤንኤስዩ በ1967 ሮ 80 የተባለውን መኪና ለገበያ አወጣ። መኪናው እጅግ ተደነቀ፤ ለ1968 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ የጫፍ ማሸጊያዎቹ ፈጥነው አለቁ። ኩባንያው በሰጠው ዋስትና መሠረት ብዙ ሞተሮችን በራሱ ወጪ ለወጠ። ገንዘቡም ዝናውም ተጎዳ፤ በ1969 በፎልክስቫገን ሥር ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ። ሞተሩ በኋላ ተሻሽሎ ነበር፤ የገዢው እምነት ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። የመኪናው ሥራ በ1977 ሲቆም የተሠሩት ጠቅላላ ወደ 37,000 ያህል ነበሩ።

ማዝዳም ከዚያው ችግር ጋር ታግሏል። ማሸጊያው በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚተወውን ሰንበር መሐንዲሶቹ «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ሰይመውት ነበር። በኬንኢቺ ያማሞቶ የተመራው ቡድን ማሸጊያውን ከካርቦንና ከአሉሚኒየም አዋሕዶ ከሠራ በኋላ ነው ኮስሞ የተባለው መኪና በ1967 ለሽያጭ የቀረበው። ኩባንያው ይህን ሞተር ለብዙ ዓሥር ዓመታት ሸጠ፤ በ1991ም በፈረንሳይ በለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም በዚሁ ዐይነት ሞተር አሸነፈ። አርኤክስ-8 በ2012 ከቆመ በኋላም፣ በ2023 ይኸው ዐይነት ሞተር ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ መሙያ ሆኖ ተመልሷል።

ሞተር የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ አምስት ጥያቄዎችን ይማራል።

1ኛ/ የተጻፈው ኀይል ለጥቂት ደቂቃ ነው ወይስ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ነው?
2ኛ/ የተለካው በባሕር ወለል ነው ወይስ ሞተሩ በሚሠራበት ከፍታ?
3ኛ/ ማቀዝቀዣው የተፈተነው በስንት ዲግሪ የውጭ ሙቀት ነው?
4ኛ/ ውሃው ብቻ ሳይሆን ዘይቱም በቂ ማቀዝቀዣ አለው?
5ኛ/ ዋስትናው የሚያልቁትን ክፍሎች ይጨምራል? መለዋወጫቸውስ በአገር ውስጥ ይገኛል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ነጋዴ ዕቃውን በርካሽ ቢገዛም ውሎ አድሮ በውድ ይከፍላል። በቤቱ አይሮፕላን የሚሠራው ሰው እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው በመጀመሪያው በረራው ሕይወቱን አስይዞ ነው፤ ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ይለካል፣ ይጽፋል፣ አንድ በአንድም ያስተካክላል። ነጋዴው የሚያስይዘው ሕይወቱን ሳይሆን ገንዘቡንና ስሙን ነው። ስም ግን እንደ ሞተር ማሸጊያ ቀጭን ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ በአዲስ መለወጡ እጅግ ብዙ ያስወጣል።